«የተጠቃሚ ታሪክ» ተረት አይደለም
በሶፍትዌር ሥራ ውስጥ «የተጠቃሚ ታሪክ» የሚባለው ቃል ብዙ ሰው ያደናግራል። አንድ ሰው በፕሮግራሙ ምን መፈጸም እንደሚፈልግ በራሱ አነጋገር የሚጻፍ አጭር መግለጫ ነው፤ ከዚያ በላይ ምሥጢር የለውም።

ችግሩ ያለው ሥራው ወደ ትንንሽ ታሪኮች በሚቆራረጥበት መንገድ ላይ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ያለ ባለሱቅ ጨርቅ በስልክ የሚሸጥበት ፕሮግራም አዘዘ እንበል። ብዙ ጊዜ ሥራው «በመጀመሪያው ወር የመረጃ ቋቱ (መረጃው የሚቀመጥበት)፣ በሁለተኛው ሰርቨሩ (ከጀርባ ሆኖ ትዕዛዙን የሚያስተናግደው)፣ በሦስተኛው ገጹ (ደንበኛው የሚያየው)» ተብሎ ይከፋፈላል። ለባለሙያው ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ባለሱቁ ግን ሁለት ወር ሙሉ የሚሞክረው ነገር አያገኝም። የሰፈራችን ሳምቡሳ ሻጭ ዛሬ ሊጡን፣ ነገ ምስሩን አትሸጥም። ትንሿም ሳምቡሳ ሁለቱንም ይዛለች።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቁራጭ «ደንበኛው አንድ ሽርጥ አይቶ ያዛል፤ ትዕዛዙ ለባለሱቁ ይደርሰዋል» ሊሆን ይችላል። ክፍያው በእጅ፣ ማድረሱ በባጃጅ። ቴሌብር፣ ፍለጋና የቀለም ምርጫ ቆይተው ይመጣሉ። ቁራጯ ቀጭን ናት፤ ነገር ግን ከገጹ እስከ መረጃ ቋቱ ድረስ ትዘልቃለች።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ቢል ዌክ የተባለ ባለሙያ ለጥሩ ታሪክ ስድስት መመዘኛዎችን አስቀምጧል። ትንሽ መሆንና ለመፈተሽ መመቸት ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ እኔ የማስቀድመው ግን ለተጠቃሚው ጥቅም መስጠት የሚለውን ነው። «የመረጃ ቋት መሥራት» የቱንም ያህል ቢያንስ ይህን አያልፍም፤ የመረጃ ቋት አምሮት የመጣ ባለሱቅ እስካሁን አላየሁም።