አሬይ ሲዞር የሚጠፋ ቁጥር የለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮድ መጻፍ ከጀመረ ሰው ጋር ቁጭ ስል ደጋግሜ የማነሳት ጥያቄ አለች። የቁጥሮች አሬይ (በተርታ የተቀመጡ ቁጥሮች) ተሰጥቷችኋል፤ ኬ በተባለ ቁጥር ያህል ቦታ ወደ ቀኝ አዙሩት። ሊትኮድ በተባለው የኮድ መለማመጃ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሯ 189 ነው፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ሰው አንድ ቀን ያገኛታል። ስታይዋት ቀላል ናት። ስትጽፏት ግን ስለ አሬይ በደንብ ያልገባችሁን ነገር ሁሉ ታወጣዋለች። ለዚህ ነው የምወዳት።

[10, 20, 30, 40, 50] አለን እንበል። በ2 ወደ ቀኝ ሲዞር [40, 50, 10, 20, 30] ይሆናል። ይህን ምሳሌ ያዙት፤ እስከ መጨረሻው እንጠቀምበታለን።

«ማዞር ማለት መግፋት ነው»

አይደለም። ስንገፋ ከጠርዙ ያለፈው ይወድቃል። ስናዞር ግን ከኋላ የወጣው ዞሮ ከፊት ይገባል። ብዛቱ አይቀንስም። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚመጣም አይለወጥም፤ ቁጥሮቹን በክብ ብትጽፏቸው ከ50 ቀጥሎ 10 መጀመሪያም ነበር። የሚለወጠው መቁጠር የምንጀምርበት ቦታ ብቻ ነው።

ይህ ያልገባው ሰው የሚጽፈውን ሉፕ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከፊት ይጀምርና እያንዳንዱን ቁጥር በቀጣዩ ቦታ ላይ ያስቀምጣል። 10 በ20 ቦታ ይገባል፤ 20 ጠፋ። ቀጥሎ በ20 ቦታ ያለው፣ አሁን 10 የሆነው፣ በ30 ቦታ ይገባል። መጨረሻ ላይ [10, 10, 10, 10, 10] ይወጣል። መጀመሪያ የመጨረሻውን ቁጥር በሌላ ቫሪያብል ያዙት፤ ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት እየሄዱ አንቀሳቅሱ፤ የያዛችሁትን በመጨረሻ ፊት ላይ አስገቡት።

«ኬ ከአሬዩ ርዝመት ከበለጠ ጥያቄው ስህተት አለበት»

ዛሬ ሰኞ ነው። ከ10 ቀን በኋላ ምን ቀን ነው? በ7 ቀን ዞረን ሰኞ ላይ እንመለሳለን፤ 3 ይቀራል፤ ሐሙስ። አሬይም እንዲሁ ነው። 5 ቁጥሮችን በ12 ማዞር በ2 ከማዞር አይለይም፤ ኬን ለርዝመቱ አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ትወስዳላችሁ። ባዶ አሬይ ከመጣ ግን ለዜሮ ማካፈል ይሆናልና እሱን ቀድማችሁ አጣሩ።

ይህን ቀሪ ሳይወስዱ የሚጽፉት ሰዎች ፓይተን ላይ ክፉ ነገር ይገጥማቸዋል። አጭሩ አጻጻፍ ይህ ነው፦

ቁጥሮች[-ኬ:] + ቁጥሮች[:-ኬ]

(ፓይተን 3 በፊደላችን የተጻፈ የቫሪያብል ስም ይቀበላል፤ ይህ መስመር እንዳለ ይሠራል።) ኬ 2 ሲሆን መልሱ ትክክል ነው። ኬ 7 ሲሆን ግን የመጀመሪያው ቁራጭ ሙሉውን ሊስት ይሰጣል፣ ሁለተኛው ባዶ ይሆናል። ሊስቱ ምንም ሳይዞር ይመለሳል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ፕሮግራሙ ተሰብሮ ቢቆም ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ታውቁታላችሁ።

ኬ ኔጌቲቭ ከሆነ ወደ ግራ ማዞር ማለት ነው፤ የኔጌቲቭ ቁጥር ቀሪ ግን ከቋንቋ ቋንቋ ይለያል። -1 ለ5 ሲካፈል ፓይተን ቀሪው 4 ነው ይላል። ጃቫ፣ ሲ እና ጃቫስክሪፕት -1 ይላሉ። በእነዚህ ቋንቋዎች ቀሪው ላይ ርዝመቱን ደምሩና እንደገና ቀሪ ውሰዱ (% የቀሪ ምልክት ነው)፦ ((ኬ % ርዝመት) + ርዝመት) % ርዝመት።

«አንድ አንድ ቦታ እያዞሩ ኬ ጊዜ መድገም ይበቃል»

ለ5 ቁጥሮች ይበቃል። ቁጥሮቹ 100,000፣ ኬ ደግሞ 50,000 ሲሆኑ ግን 5 ቢሊዮን ጊዜ ማንቀሳቀስ ነው። ከታች ያለው መንገድ 100,000 ገደማ ቅያሪ ይበቃዋል።

«ያለ ተጨማሪ አሬይ አይቻልም»

ይቻላል፤ እኔ በጣም የምወደውም ይህን ነው። ብዙ ሰው መገልበጥንና ማዞርን ያምታታል። መገልበጥ ማዞር አይደለም፤ ሦስት ጊዜ መገልበጥ ግን ማዞር ይሆናል። ተመልከቱ፦

መነሻ፦ [10, 20, 30, 40, 50]
ሙሉውን ስንገለብጥ፦ [50, 40, 30, 20, 10]
የመጀመሪያዎቹን 2 ስንገለብጥ፦ [40, 50, 30, 20, 10]
የቀሩትን 3 ስንገለብጥ፦ [40, 50, 10, 20, 30]

የመጀመሪያው ግልበጣ የኋላዎቹን ወደ ፊት ያመጣል፣ ግን ቅደም ተከተላቸውን ያዛባል። ሁለቱ ትንንሽ ግልበጣዎች የተዛባውን ያስተካክላሉ። በወረቀት አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሥሩት፤ ከዚያ በኋላ አትረሱትም።

ይህ ማለት ግን ተጨማሪ አሬይ መጠቀም ነውር ነው ማለት አይደለም። ሜሞሪ ካላስቸገረ አዲስ አሬይ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ቁጥር በ(ቦታ + ኬ) % ርዝመት ላይ አስቀምጡ፤ ቦታዎች የሚቆጠሩት ከ0 ጀምሮ ነው። በስድስት ወሩ ተመልሶ ለሚያነበው ሰው ይህ ይቀለዋል።

«ከ0 ተነስቶ በኬ እየዘለሉ መሄድ ሁሉንም ያዳርሳል»

ሌላው መንገድ አንዱን ቁጥር አንስቶ ቦታው ማድረስ፣ እዚያ የነበረውን አንስቶ ደግሞ የራሱ ቦታ ማድረስ ነው። በእኛ ምሳሌ 0፣ 2፣ 4፣ 1፣ 3 ብሎ ሁሉንም ያዳርሳል። ቁጥሮቹ 6፣ ኬ 2 ሲሆኑ ግን 0፣ 2፣ 4 ብሎ 0 ላይ ይመለሳል። 1፣ 3 እና 5 አልተነኩም። የዙሮቹ ብዛት የርዝመቱና የኬ ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው፤ እዚህ 2። ስለዚህ ከ1 ተነስታችሁ ሌላ ዙር መሄድ አለባችሁ።

«ፖዘቲቭ ቁጥር በሁሉም ቋንቋ ወደ ቀኝ ነው»

ብዙ ቋንቋዎች ለማዞር የተዘጋጀ ትዕዛዝ አላቸው፤ አቅጣጫቸው ግን ይለያያል። የፓይተን ዴክ (deque)፣ የነምፓይ (የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ) ሮል እና የጃቫ ኮሌክሽንስ ሮቴት ወደ ቀኝ ያዞራሉ። ሩቢ በተመሳሳይ ቁጥር ወደ ግራ ያዞራል። የሲ ፕላስ ፕላስ ሮቴት ደግሞ ቁጥር አይቀበልም፤ «ከማን ልጀምር?» ነው የሚለው፤ በእኛ ምሳሌ የ40ን ቦታ ትሰጡታላችሁ። ረስት የግራውንና የቀኙን በሁለት ስም ለይቷቸዋል፤ ለእኔ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው።

«ቴስቱ ካለፈ ኮዱ ልክ ነው»

የእኛን ሰዓት አስቡ። ጠዋት 1 ሰዓት ስንል አብዛኛው ዓለም 7 ይላል። 12 ቁጥሮች በ6 የዞሩ ናቸው። የእኛን ሰዓት ወደ ፈረንጁ አቆጣጠር ስትለውጡ 6 ብትደምሩም ብትቀንሱም የሰዓቱ ፊት ላይ አንድ ቦታ ትደርሳላችሁ፤ 12 ሲቀነስ 6 ያው 6 ነውና። ለኑሮ ደስ ይላል። ለቴስት ግን ወጥመድ ነው። ኮዳችሁን በ6 ቁጥሮችና በ3 ብትሞክሩት፣ አቅጣጫውን ገልብጣችሁ ጽፋችሁትም ቢሆን ያልፋል።

ከመነሻው 5 ቁጥሮችና 2ን የመረጥኩት ለዚህ ነው። በ2 ወደ ቀኝ [40, 50, 10, 20, 30] ይወጣል፤ በ2 ወደ ግራ [30, 40, 50, 10, 20]።