የቤት ምርመራ ምንድን ነው? የባንክ ግምት ማለት አይደለም

«መሐንዲስ አይቶታል፤ ባንክ ገምቶታል» እየተባለ የሚሸጥ ቤት በዝቷል። ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር፣ ቡሬም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ደላላው በመጨረሻ የሚመዛት ማሳመኛ ይችው ናት። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው «ባንክ የገመተውን ቤት እንደገና ማስመርመር ብር መበተን ነው» ብሎ በድፍረት ሲያስረዳ ሰማሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ወንድሜ፣ መሐንዲሱ ቤቱን ያየው ለባንኩ ነው። ለአንተ ገና ማንም አላየልህም።

ግምት ክፉ ሥራ አይደለም፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ገማቹ ሜትር ይዞ ስፋቱን ይለካል፤ ግድግዳው ብሎኬት ይሁን ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ)፣ ወለሉ ሴራሚክ ይሁን ሲሚንቶ ይመዘግባል፤ የካሬውን ዋጋ ከሠንጠረዥ ያወጣል፣ ለዕድሜው ይቀንሳል፣ ለቦታው ይጨምራል። የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ተበዳሪው ባይከፍል ባንኩ ቤቱን ሸጦ ብድሩን ያስመልሳል ወይ? ለዚህም ነው መሀል ከተማ ያለ የዘመመ ቤት ዳር ካለ ጠንካራ ቤት በላይ የሚገመተው። ግምቱ ልክ ነው። መርማሪው የሚጠየቀው ግን ሌላ ነው፦ የተበላሸው ምኑ ነው፣ በምን ምክንያት፣ ለመጠገንስ ስንት ይፈጃል?

በሬ የገዛ ሰው ይረዳኛል። ደንበጫ ገበያ ዳር ቆሞ «ይኼ በሬ ይህን ያህል ያወጣል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ቁመናውን አይቶ፣ የዕለቱን ገበያ ሰምቶ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። አራሹ ግን በዚያ ብቻ ብሩን አይፈታም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ጫንቃው ላይ የቀንበር ቁስል እንዳለ ይዳስሳል፣ አስኪዶ አረማመዱን ያያል፣ ከተፈቀደለትም ጠምዶ ይሞክረዋል። ሻጩ ጨው አልሶ፣ ውሃ አጠጥቶ ሆዱን ነፍቶት እንደሆነም ይጠረጥራል። ትኩስ ቀለም የተቀባ ቤት ሳይ ትዝ የሚለኝ ይኸው ጨው ነው፤ በተለይ ከቤቱ ሁሉ አንድ ግድግዳ ብቻ ከተቀባ። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ግን ይሰናከልብኛል፦ በሬ የቆመበት አፈር ገዢን አያሳስበውም። የቤት ጣጣ ግማሹ እዚያ ነው።

ዋልካ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይኮማተራል። መሠረቱ ከሱ በታች ካልወረደ ወይም አፈሩ ተነሥቶ በገረጋንቲ (ውሃ ጠጥቶ በማያብጥ ጠጠራማ አፈር) ካልተተካ ቤቱ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ማዕዘኖቹ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ውሃውን ደግሞ አስሉት። ደብረ ማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ጣሪያው 100 ካሬ ሜትር ቢሆን 130,000 ሊትር ነው፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚወርደው መሠረቱ ሥር ነው። ስለዚህ እኔ ከግድግዳው በፊት የማየው አሸንዳውን፣ የግቢውን ተዳፋትና ውሃው የሚወጣበትን ቦይ ነው። ገዢዎች ሁልጊዜ የሚያሳዩኝ ስንጥቁን ብቻ ነው።

ስንጥቅም ሁሉ አንድ አይደለም። ልስኑ ላይ የተበታተነ ቀጭን ስንጥቅ ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው፤ ይታለፋል። ብሎኬቱ ከቢሙ (ከአግድሙ የኮንክሪት ተሸካሚ) በሚገናኝበት አግድም የሚሄደውም ብዙ ጊዜ አያሰጋም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድና ወደ አንድ ጫፍ እየሰፋ የሚመጣ ከሆነ ግን መሠረቱን ጠርጥሩ። ስፋቱ ብቻውን አይፈርድም፤ ዛሬም ይንቀሳቀሳል ወይ ነው ጥያቄው። ስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፎ ቀን መጻፍ የቆየ ዘዴ ነው፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ ገና አልረጋም። ይህ ወራት ይፈልጋል፤ ደላላ ደግሞ ሁለት ቀን አይታገስም። ወቅቱም ያታልላል። በመጋቢት የመጣ ገዢ የሚያፈስ ጣሪያ አያገኝም፤ በነሐሴ የመጣው ደግሞ አፈሩ አብጦ ያጠበበውን ስንጥቅ ንቆ ያልፋል። ኮርኒስ ካልተከፈተ ብዬ የምሟገተው ለዚህ ነው፤ ሞራሌው (ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት) ላይ የቀረ የውሃ ምልክት በበጋም ይነበባል።

የጭቃ ቤት ከሆነ ቋሚዎቹን ከመሬት በሚገናኙበት በሹል ብረት ወጋ ማድረግ ነው። ባሕር ዛፉ የሚበሰብሰው እዚያ ነው፤ ልስኑ ይሸፍነዋል። ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ ባሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በነሐሴ ምን እንደሚሆን ጎረቤት መጠየቅ ከእኔ ሪፖርት ይበልጣል።

ኮንክሪቱን በመዶሻ መለኪያው (እየመታ ጥንካሬ በሚለካው መሣሪያ) ለካልን የሚሉኝም አሉ። መሣሪያው የሚነግረን የላይኛውን ገጽ ጥንካሬ ነው፤ ልስኑን ሳያነሱ ከመቱት ቁጥሩ የልስኑ ነው። ኮለኑ ውስጥ ስንት ፌሮ እንዳለ በዓይን አይታይም። ፕላን ቢገኝም የተሣለውና የተሠራው አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ «ቤቱ አልፏል ወይስ ወድቋል?» አትበሉኝ፤ ምርመራ የማለፊያ ነጥብ የለውም። የምሰጣችሁ የጉድለቱን ዝርዝር፣ የትኛው ዘንድሮ መጠገን እንዳለበትና በግርድፉ ምን እንደሚያስወጣ ነው። በዚያ ዋጋ ታስቀንሳላችሁ፣ ወይም ቤቱን ትተዉታላችሁ።

ይህ የሚሆነው ግን ከቀብድ በፊት ነው። ሰዎች ቀብድ ከፍለው በማግስቱ ይደውሉልኛል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ሰጪ ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ሕጉ ሻጩን ለጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል፣ እውነት ነው፤ ገዢው አስቀድሞ የሚያውቀውንና ፊት ለፊት የሚታየውን ጉድለት ግን አይጨምርም፤ ገዢም የተረከበውን መርምሮ ያገኘውን በቶሎ ማሳወቅ አለበት። (ጠበቃ አይደለሁም፤ ዝርዝሩን ውል የሚያረቅላችሁን ጠይቁ።) ቀብድ የግድ ከሆነባችሁ፣ ምርመራው ከባድ ጉድለት ካሳየ ገንዘቡ እንደሚመለስ ውሉ ላይ ይጻፍ። መሐንዲሱንም ራሳችሁ ፈልጋችሁ ራሳችሁ ክፈሉት። ደላላው «የማውቀው ልጅ አለ» ካላችሁ አመስግኑና እለፉ፤ የደላላው ኮሚሽን የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ነው።