ከሰፈር ጥሩ ቡና ፍለጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ቡና የማይፈላበት ሰፈር የለም። ጥሩ ቡና ግን ከቤት ቤት ይለያያል። ለፒያሳ ወይም ለአራት ኪሎ አዲስ የሆነ ሰው «የት ልጠጣ?» ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ከልማድ የመጣ ነው። አንዳንዱ ምክር ደግሞ ጥሩውን ሲኒ ያሳልፈናል።

«ጥሩ ቡና ካፌ ውስጥ ነው»

የግድ አይደለም። ሕንፃ ሥር ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ረከቦት ዘርግታ የምታፈላዋን እህት አትለፏት። የጀበና ቡና ትልቁ ጸጋ ቁሌቱ ትኩስ መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ እዚያው ተቆልቶ እዚያው ይፈላል። «እህቴ፣ ቡናው መቼ ተቆላ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዛሬ ወይም ትናንት ካለቻችሁ በርጩማው ላይ አረፍ በሉ።

ቀጥሎ ጀበናውን እዩ። ከእሳት ወርዶ፣ ዘንበል ተደርጎ አተላው እስኪረጋ ይጠበቃል? ጥሩ እጅ ላይ ናችሁ። ፍም ላይ ተጥዶ ሲንተከተክ የሚውል ከሆነ ግን ፍሬው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይመርራል። ስለዚህ ሰው የሚበዛበትን ሰዓት ምረጡ። ረፋድ ላይና ከምሳ በኋላ ጀበናው ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ አዲስ ይጣዳል።

ካፌም ቢሆን የራሱ ክብር አለው። በ1953 እ.ኤ.አ. ፒያሳ የተከፈተው ቶሞካ ቡናውን ራሱ እየቆላ ይሸጣል፤ ደንበኛውም ቆሞ ጠጥቶ ይሄዳል። ካፌ ስትመርጡ ከሶፋውና ከመስታወቱ ይልቅ ቡናውን ማን እንደሚቆላውና በስንት ቀኑ እንደሚያልቅ ጠይቁ።

«ጠቆር ያለ ቁሌት ጠንካራ ነው»

ምሬትንና ጥንካሬን እያምታታን ነው። የካፌይኑ መጠን በቁሌት ብዙም አይለወጥም። ቁሌት እየጠቆረ ሲሄድ የፍሬው የራሱ ጣዕም ይጠፋል፤ የተበላሸ ፍሬም አብሮ ይሸፈናል። በጣም አክስሎ የሚቆላን ቤት የምጠራጠረው ለዚህ ነው። የይርጋጨፌ አበባ አበባ የሚል ሽታ፣ የሐረር የፍራፍሬ ጣዕም የሚገኘው መካከለኛ ቁሌት ላይ ነው።

«ጥሩው ቡና ሁሉ ወደ ውጭ ይላካል»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ለውጭ ገበያ ደረጃ የወጣለት ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ጊዜ በሕግ ተከልክሎ ቆይቷል። ወደ ገበያችን ደቃቁ፣ ስብርባሪውና ጥቁር ፍሬው በብዛት የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ከምርቱ ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን። ያ ሁሉ ቡና መጥፎ አይደለም። ጥሬ ቡና ስትገዙ እፍኝ አንሱና እዩ። መጠኑ ተመሳሳይ ይሁን፤ ጥቁርና የተቦረቦረ ፍሬ አይብዛበት። አሽትቱትም። የሻጋታ ሽታ ካለው ቁሌት አያድነውም።

«ይርጋጨፌ ከተባለ አለቀ»

አላለቀም። ስሙን ማንም ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል። የታጠበ ነው ወይስ በጀንፈሉ፣ ማለትም ከነልጣጩ፣ የደረቀ? መቼ ተቆላ? ሻጩ ይህን ከመለሰ ይታመናል። ትኩስ የጅማ ቡና ወራት ካስቆጠረ ይርጋጨፌ ይበልጣል።

«ቤቱን በማኪያቶው እወቀው»

ማኪያቶ እወዳለሁ፤ ያለሱ የአዲስ አበባ ጠዋት አይታሰበኝም። ግን የእኛ ማኪያቶ ወተቱ በዛ ያለ ነው፣ ላዩ ላይ ስኳር ይጨመርበታል። ወተትና ስኳር ብዙ ጉድ ይሸፍናሉ። አዲስ ቤት ስትሞክሩ መጀመሪያ ጥቁር ቡና እዘዙ፤ ስኳር ሳትጨምሩ አንዴ ፉት በሉት።

«የተፈጨውም ያው ነው»

ያው አይደለም። ቡና ከተፈጨ በኋላ መዓዛው በፍጥነት ይሄዳል። ገብስ ወይም ሌላ እህል ቢቀላቀልበትም በዓይን መለየት ያስቸግራል። ፍሬውን ግዙና ፊታችሁ ይፈጭ፤ ለሳምንት የሚበቃ ብቻ። ለጀበና መሆኑንም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ለማሽን የሚፈጨው በጣም የላመ ስለሆነ ጀበና ውስጥ አተላው አልረጋ ይላል።