ሐይቅ «አገገመ» ሲባል ምን ማለት ነው?
በኒውዮርክ ግዛት፣ አዲሮንዳክ ተራሮች ላይ ያሉ ብዙ ሐይቆች በአሲድ ዝናብ ክፉኛ ተጎድተው ነበር። አሜሪካ በ1990 እ.ኤ.አ. የአየር ንጽህና ሕጓን ካጠበቀች በኋላ ከድንጋይ ከሰል የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚወጣው፣ ዝናቡን አሲዳማ የሚያደርገው ሰልፈር እየቀነሰ መጣ። ታዲያ ሐይቆቹ ዳኑ?

ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚያገግመው የውሃው ኬሚስትሪ ነው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5 ወደ 6 ከፍ ሲል ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ አሲድነቱ 10 እጥፍ ቀንሷል ማለት ነው። የዓሣን መተንፈሻ የሚጎዳው አሉሚኒየምም አብሮ ይቀንሳል።

ሕይወቱ ግን ይዘገያል። አሲዱ ከአፈሩ አጥቦ የወሰደው ካልሲየም ቶሎ አይተካም። ፏፏቴ መንገዱን ከዘጋበት ዓሣው በራሱ አይመለስም፤ ሰው አምጥቶ መጨመር አለበት።

ደግሞ የውሃው ጥርት ማለት አያታልላችሁ። አሲድ የበዛበት ሐይቅ ብዙ ጊዜ ኩልል ያለ ነው። ሲያገግም ወደ ቡናማ ሊያደላ ይችላል።