የሰፈር መገልገያዎች በእንግሊዝ የፕላን ሕግ

እንግሊዝ ውስጥ አንድ ባለንብረት አዳራሹን ወይም መጠጥ ቤቱን ዘግቶ አፓርታማ ልሥራበት ቢል፣ ቤቱ የራሱ መሆኑ ብቻ አይበቃውም። ከ1947ቱ የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) መገንባትም ሆነ የሕንፃን አገልግሎት በጉልህ መቀየር በመርህ ደረጃ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን የሚሰጠው የአካባቢው ምክር ቤት ነው። ሲወስንም መነሻው ያጸደቀው የአካባቢ ፕላን ነው።

የማኅበረሰብ መገልገያ ሲባል የሰፈር ሱቅ፣ መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ የስፖርት ሜዳ፣ ቤተ እምነት፣ ፐብም (የእንግሊዞቹ መጠጥ ቤት) ሳይቀር ይገባበታል። ፐብ ከቤተ እምነት ጋር አብሮ መቆጠሩ ለእኛ ሰው ሊገርመው ይችላል። እዚያ ግን የሰፈር ስብሰባውም፣ የልደት ድግሱም፣ ከቀብር መልስ መሰባሰቡም ፐብ ውስጥ ነው።

በ2012 የወጣው ብሔራዊ የፕላን ፖሊሲ ማዕቀፍ ደጋግሞ ተሻሽሏል። አንድ ነገር ግን አልለቀቀም፦ ሕዝቡ የሚፈልጋቸው መገልገያዎች ያለ በቂ ምክንያት እንዳይጠፉ ምክር ቤቶች መከላከል አለባቸው። ጭቅጭቁ ያለው «በቂ ምክንያት» ላይ ነው። የ2021 የለንደን ፕላን ለምሳሌ ፐቡ በፐብነቱ ቢያንስ ለ24 ወራት ገበያ ላይ መቆየቱን ማስረጃ ይጠይቃል። ዋጋውም በገለልተኛ ገማች የተተመነ መሆን አለበት። ይህ ያለ ነገር አልተጻፈም። መሸጥ የማይፈልግ ሰው ዋጋውን ሰማይ ሰቅሎ «ገዢ አጣሁ» ማለት ይችላላ!

ሕጉ ጥርስ እንዳለው ያሳየው ካርልተን ታቨርን የተባለው የምዕራብ ለንደን ፐብ ነው። ባለቤቱ አፍርሶ አፓርታማ ለመሥራት ያቀረበው ጥያቄ ውድቅ ሆኖ ነበር። ሕንፃው በቅርስነት ሊመዘገብም ጥቂት ነበር የቀረው። በኤፕሪል 2015 ዶዘር ገብቶ አፈረሰው። የዌስትሚኒስተር ምክር ቤት ቅጣት አስከፍሎ ዝም አላለም፤ እንደነበረው መልሰህ ሥራው አለ። ባለቤቱ ይግባኝ ጠይቆ አልተሳካለትም። ፐቡ እንደገና ተሠርቶ በኤፕሪል 2021 ተከፈተ።

ቀዳዳም አለ። ሕጉ ሕንፃዎችን በሚሰጡት አገልግሎት በምድብ ይከፍላቸዋል። በሴፕቴምበር 2020 የተደረገው ማሻሻያ ሱቅን፣ ቢሮን፣ ክሊኒክን፣ የሕፃናት ማቆያንና ጂምን በአንድ ምድብ ጠቀለላቸው። በምድቡ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር ፈቃድ አይፈልግም። ስለዚህ የሰፈሩ ክሊኒክ ቢሮ ሲሆን ምክር ቤቱ ማስቆም ላይችል ይችላል። ፐብ ግን የትኛውም ምድብ ውስጥ ስለሌለ የተሻለ ከለላ አለው። ለክሊኒክ ያልተደረገ ለመጠጥ ቤት መደረጉ፣ እውነት ለመናገር፣ ግራ ያጋባል። ምግብና መሠረታዊ ሸቀጥ የሚሸጥ ሱቅም የሚጠበቀው ስፋቱ ከ280 ካሬ ሜትር ካልበለጠና በ1 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ሌላ ተመሳሳይ ሱቅ ከሌለ ነው።

ነዋሪዎችም ራሳቸው መንቀሳቀስ ይችላሉ። በ2011 በወጣ ሕግ መሠረት ቢያንስ 21 የአካባቢው ሰዎች ተሰባስበው አንድ ቦታ «የማኅበረሰብ እሴት ያለው ንብረት» ተብሎ እንዲመዘገብ መጠየቅ ይችላሉ። ምዝገባው ለ5 ዓመት ይጸናል። ባለቤቱ ለመሸጥ ሲያስብ ለምክር ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ነዋሪዎቹ በ6 ሳምንት ውስጥ «እኛም ተጫራች ነን» ካሉ ሽያጩ ለ6 ወር ይታገዳል። ደቡብ ለንደን ያለውን አይቪ ሃውስ የተባለ ፐብ ነዋሪዎች በዚህ መንገድ በ2013 ገዝተውታል። ባለቤቱ ግን ለእነሱ እንዲሸጥ አይገደድም፤ የሚያገኙት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ጊዜ ብቻ ነው።

አዲስ መገልገያ የሚመጣው በአብዛኛው ከአልሚ ኪስ ነው። በ1990ው የፕላን ሕግ አንቀጽ 106 መሠረት ብዙ ቤት የሚሠራ ኩባንያ ለትምህርት ቤት ወይም ለመጫወቻ ሜዳ እንዲከፍል ውል ይገባል። ብዙ ምክር ቤቶች ከዚህ ሌላ የመሠረተ ልማት ክፍያ ይሰበስባሉ። ከእሱም 15 በመቶው ለሰፈሩ ይመደባል፤ ሰፈሩ የራሱን ፕላን በሕዝበ ውሳኔ ካጸደቀ ድርሻው 25 በመቶ ይደርሳል።

እንግሊዝ የሚኖር የኢትዮጵያውያን ጉባኤ መጋዘን ገዝቶ ቤተ ክርስቲያን ላድርገው ቢል እዚሁ ሕግ ውስጥ ይገባል። ቤተ እምነትን የሚደግፍ ፖሊሲ አለ፤ መጋዘንን ለሥራ ቦታነት የሚጠብቅ ሌላ ፖሊሲም አለ። የመኪና ማቆሚያና የድምፅ ጥያቄም ይከተላል። ምክር ቤቶች ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት የምክር አገልግሎት ስለሚሰጡ፣ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት እዚያ ብቅ ማለት ያዋጣል።