ጂዲዲአር ምንድን ነው? «ያው ነው» ለሚሉ ሻጮች

ባለፈው አንድ ልጅ ኮምፒውተሩን አቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ ካርዱ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለኝ። እሱም ጓደኛውም የገዙት ጂቲ 1030 የሚባል ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ሠርቶ ወደ ስክሪን የሚልከው) ነው፤ ሁለቱም ባለ 2 ጊጋ። የጓደኛው ጌም ያጫውታል፤ የሱ ይቆራረጣል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን፣ የካርዱን ዝርዝር የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈትኩና የሜሞሪ ዓይነት የሚለውን መስመር አሳየሁት። ዲዲአር4 ይላል፤ ለኮምፒውተር ራም የሚውለው ዓይነት። ካርዱ ምንም አልሆነም፤ ሲፈጠርም እንዲሁ ነው።

ሻጩ «ያው ነው» ብሎት ነበር። እኔን የምታበሽቀኝ እቺ «ያው ነው» ናት።

የቺፑ ሠሪ ኤንቪዲያ ጂቲ 1030ን በ2017 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ያወጣው በጂዲዲአር5 ሜሞሪ ነው፤ ጂዲዲአር ለግራፊክስ ካርድ ተብሎ የተሠራ ፈጣን ሜሞሪ ነው። በ2018 በዚያው ስም ዲዲአር4 የተገጠመለት ሌላ ካርድ መጣ። ሁለቱም 384 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ ክፍሎች) አላቸው። የአዲሱ ቺፕ ፍጥነት ትንሽ ቀንሷል፤ እሱስ ይሁን። ጉዱ ሌላ ነው። የመጀመሪያው በሜሞሪውና በቺፑ መካከል በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያመላልሳል። ሁለተኛው 16.8።

ነገሩን በወፍጮ ቤት ልንገራችሁ። ወፍጮው ቺፑ ነው። ጎተራው ሜሞሪው ነው፤ ጊጋ የምንለው የጎተራውን ስፋት ነው። እህሉን ከጎተራ ወደ ወፍጮ የሚያመላልሱት አህዮች ናቸው። ቢት ማለት ስንት አህያ ጎን ለጎን ይሄዳል ማለት ነው፤ የሜሞሪው ዓይነት ደግሞ የአህያዋ እግር ነው። የሁለቱም ጂቲ 1030 መንገድ 64 ቢት ነው። ለ8 ስታካፍሉት 8 ባይት። ጂዲዲአር5ቱ በእያንዳንዱ መስመር በሰከንድ 6 ጊጋቢት ይልካል፤ 8 ጊዜ 6፣ 48። ዲዲአር4ቱ 2.1 ነው፤ 8 ጊዜ 2.1፣ 16.8። ጎተራው እኩል ነው። ወፍጮው ግን እህል ሲጠብቅ ይውላል።

አንድ አስተያየት ሰጪ «ልዩነቱ የአንድ ቁጥር ነው፣ 4 እና 5» ሲል አነበብኩ። ወንድሜ፣ ቁጥሮቹ የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም። ጂዲዲአር5 በ2008 በራዲዮን ኤችዲ 4870 ካርድ ላይ ገበያ ገብቷል። ዲዲአር5 የሚባለው የኮምፒውተር ራም መስፈርት የወጣው በ2020 ነው። ፊት ያለችው «ጂ» ግራፊክስ ማለት ናት፤ ለጌጥ የገባች መሰለችህ?

ይኸው ሰው «ሜሞሪውን ኦቨርክሎክ ካደረግከው ይደርስበታል» ይላል፤ ከፋብሪካው ልክ በላይ ካፈጠንከው ማለቱ ነው። እሺ፣ እናስላው። 20 በመቶ ገፋኸው እንበል። 16.8ቱ 20 ገደማ ይሆናል። 20 የት፣ 48 የት! እርግጥ እንዲህ ባለ ካርድ ላይ ቺፑን ከመግፋት ሜሞሪውን መግፋት ይሻላል። እህል ያልደረሰው ወፍጮ ቢፈጥን ምን ይፈጫል?

ጂዲዲአር5 ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አህያ ስትሮጥ እህል ይፈሳል። ድሮ ሜሞሪ ከልኩ ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ሰውም ያቆማል። ጂዲዲአር5 ግን መንገድ ላይ የተበላሸ ዳታ እንዳለ የሚያውቅበት ዘዴ አለው። አህያዋ ተመልሳ እንደገና ትጫናለች። ስክሪኑ ንጹህ ነው፤ አፍተርበርነር (ካርድ የሚገፋበት ፕሮግራም) ላይ ያለው ቁጥር አድጓል፤ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚወጣው የምስል ብዛት) ግን ወርዷል። ስለዚህ 50 ሜጋኸርዝ እየጨመራችሁ፣ ያንኑ የጌም ቦታ እየደገማችሁ ፍሬሙን ለኩ። መውረድ ሲጀምር ወደኋላ መለስ በሉ። «ስንት ድረስ ወጣልህ?» የሚለው ፉክክር ለጉራ ካልሆነ አይጠቅምም።

ፈጣን እግር ብቻውን ያሸንፋል ማለቴ ደግሞ አይደለም። የ2015ቱ ራዲዮን አር9 ፊውሪ ኤክስ ኤችቢኤም በሚባል ሜሞሪ ነው የሚሠራው። በእያንዳንዱ መስመር በሰከንድ 1 ጊጋቢት ብቻ ይልካል፤ ቀርፋፋ ነው። መስመሩ ግን 4096 ነው! በሰከንድ 512 ጊጋባይት ያመላልሳል።

ጊጋው ዋጋ የለውም አላልኩም። ጎተራው ሲሞላ ትርፉ የሚቀመጠው የኮምፒውተሩ ራም ላይ ነው፤ እህል ፍለጋ ሌላ ቀበሌ እንደመሄድ በሉት። ካልሞላ ግን ትልቅ ጎተራ አያፈጥንም። አርቲኤክስ 4060 ቲአይ የሚባለው ካርድ ባለ 8 እና ባለ 16 ጊጋ አለ፤ ሁለቱም የሚያመላልሱት በሰከንድ 288 ጊጋባይት ነው።

ለብቻው ካርድ የሌለው ላፕቶፕ የያዛችሁ ደግሞ፣ ግራፊክሱ የሚቀለበው ከዋናው ራም ነው። አንድ ራም ብቻ ተሰክቶ ሌላ ቦታ ክፍት ከሆነ ሁለተኛ ጨምሩበት፤ ብዙውን ጊዜ አህዮቹ እጥፍ ይሆናሉ።

ካርድ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «2 ጊጋ» እለፉት። ሱቁ ውስጥ የሚሠራ ኮምፒውተር ካለ ይሰካላችሁ፣ ጂፒዩ-ዚን ክፈቱና ባንድዊድዝ (በሰከንድ ስንት ጊጋባይት ያመላልሳል ማለት ነው) የሚለውን እዩ። 16.8 ብሎ ሻጩ «ያው ነው» ካላችሁ፣ «ያው ከሆነማ በዚሁ ዋጋ ባለ 48ቱን ስጠኝ» በሉት።