«የሌሊት ዓሣ ማጥመድ በአንቲብ» ምንድን ነው?

ዓሣ አጥማጅ ሣሉ ብንባል አብዛኞቻችን የምንሥለው ይታወቃል። ጀልባ፣ መረብ፣ ከኋላ የምትጠልቅ ፀሐይ። ፓብሎ ፒካሶ ግን ጨለማውን መረጠ።

«የሌሊት ዓሣ ማጥመድ በአንቲብ» ፒካሶ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1939 አንቲብ በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ የባሕር ዳር ከተማ የሣለው የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ትልቅ ነው፤ የምር ትልቅ። ቁመቱ ከ2 ሜትር ያልፋል፣ ወርዱ 3 ሜትር ተኩል ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።

መነሻው የአካባቢው ሰው የዕለት ሥራ ነው። አጥማጆቹ ማታ ጀልባቸው ላይ ደማቅ መብራት አብርተው ይወጣሉ። ዓሣው ብርሃኑን ብሎ ይመጣል። ያኔ በጦር መውጋት ነው። ሥዕሉ ላይ አንዱ አጥማጅ ባለ ብዙ ጥርስ ጦሩን ቁልቁል ሰድዷል። ሌላው ከጀልባዋ ጠርዝ ተደፍቶ ውኃው ላይ አፍጥጧል። ከበላያቸው ቢጫ ብርሃን እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይጠመዘዛል። መብራት በሉት፣ ጨረቃ በሉት፣ ሁለቱም ያስኬዳል።

ታዲያ ፊታቸው ለምን ተጣመመ? ሞደርኒስት ሥዕል የሚባለው እዚህ ጋ ነው። ሠዓሊው አንድ ቦታ ቆሞ ያየውን አይገለብጥም። ከፊትም ከጎንም የሚታየውን አንድ ፊት ላይ ያዋህደዋል። ቀለሙንም ቢሆን ከነገሩ አይለካም፣ ለሥዕሉ የሚበጀውን ይቀባል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ግራ ይጋባል። እኔ ግን ይሄኛው ከሌሎቹ የፒካሶ ሥራዎች ይቀለኛል። ማታ ውኃ ላይ መብራት ሲበራ እኮ ነገሩ ራሱ ይሰባበራል። ብርሃን ያገኘው ቦግ ብሎ ይወጣል፣ የቀረውን ጨለማ ይውጠዋል። ውኃው በተናወጠ ቁጥር ዓሣው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል።

በስተቀኝ፣ የወደቡ ግንብ ላይ ሁለት ሴቶች ቆመው ያያሉ። የፒካሶ ወዳጅ ዶራ ማርና ጓደኛዋ ዣክሊን ላምባ ናቸው ይባላል። አንዷ ሳይክሏን ይዛ ድርብ አይስክሬም ትልሳለች። እሷ ስትልስ፣ እዚያው አጠገቧ ዓሣው ይወጋል። ከሥዕሉ ሁሉ ዓይኔ የሚመላለሰው እዚህች አይስክሬም ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 1 ጀርመን ፖላንድን ወረረች፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ። ስለዚህ ጦሩን አይተው ጦርነቱን የሚያነቡበት አሉ። የጦርነትን እልቂት ያሳየበትን «ጌርኒካ»ን ከሣለ ገና ሁለት ዓመቱ ስለነበር አይፈረድባቸውም። ብቻ ሰዎቹ ሥራ ላይ መሆናቸው እንዳይረሳ።

በስተግራ ከሩቅ የሚታዩት ሐምራዊ ማማዎች አንቲብ ያለው የግሪማልዲ ግንብ ናቸው። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1946 እዚያው ግንብ ውስጥ ገብቶ ሥሏል፤ ዛሬ በስሙ ሙዚየም ሆኗል። ይህን ሥዕል ፍለጋ ግን ወደዚያ እንዳትሄዱ። አጥማጆቹ ያሉት ኒውዮርክ፣ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው።